ከቤታችን አንደኛ የወጣሁበት ፈተና

ሰው በሃያ ዓመቱ ወላጅ ቢሆን አይገርምም። የሚገርመው በአንድ ጊዜ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ ሲሆን ነው። እኔ የሆንኩት እንደዚያ ነው። ልጄ ሌንሴ ትባላለች። በቁመት ትተካከለኛለች፤ በክርክር ትበልጠኛለች። ደግሞም እህቴ ናት።

አባታችን የሞተው ሌንሴ ጡት ሳትጥል ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ «ወላጅ ይምጣ» ሲል የሚሄደው ታላቅ ወንድማችን ገመቹ ነበር። ገመቹ ድንች ነጋዴ ነበር። የእኛ መንደር ከጎጆ ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ ነው ያለችው። ብርዱ ድንችና በግ ይስማማዋል፤ ሰው ግን በትዕግሥት ነው የሚኖረው። ገመቹ ከገበሬው ድንች እየሰበሰበ አይሱዙ ላይ ያስጭን ነበር። «ያስጭን ነበር» ስል አለቃ እንዳይመስላችሁ፤ ዋናው ተሸካሚ ራሱ ነው። ከፋሲካ በፊት ታመመ። አምቦ ሆስፒታል ወሰድነው። ከዚያ... ከዚያ በኋላ ያለውን እዘለዋለሁ። ወግ የሚጽፍ ሰው መዝለል ይፈቀድለታል ሲባል ሰምቻለሁ። ማን እንዳለው ግን አላስታውስም።

እኔ ያን ጊዜ አምቦ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ የአክስቴ ልጅ ሱቅ ውስጥ የሞባይል ካርድ እሸጥ ነበር። ገመቹ አንዳንድ ቅዳሜ ይደውልልኛል።

«ዛሬ የሌንሴ ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበር» ይለኛል እየሳቀ።

«ምን ተባለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» ይልና ይብስበታል። ሳቁ እስኪያልቅ ካርዱ ያልቃል።

ስብሰባ ውሎ ምን እንደተባለ የማያውቅ ሰው በምን ይስቃል? ይህ ጥያቄ ያኔም ይከነክነኝ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። ሰው ሲሞት ትልልቁ ነገር ነው የሚያሳስበው ይላሉ። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ሳቅ ነው።

ቆይ፣ ስለ ጃኬቱ ሳልነግራችሁ አልለፍ። ወደ ቤት ተመልሼ የገመቹን የድንች ሥራ ስይዝ ጃኬቱንም ያዝኩ። ባለ ኮፍያ ጃኬት ነው፤ ኮፍያው ከኋላ ተንጠልጥሎ የወፍ ጎጆ ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን ለብሼ ኮፍያውን ራሴ ላይ ስገለብጠው አንድ ነገር አናቴ ላይ ተበተነ። የገብስ ቆሎ። ገመቹ ደግሞ መንጋጋው ታሞ ስለነበር ቆሎ በአፉ አይዞርም ነበር። ቆሎ የማይበላ ሰው በማጅራቱ ተሸክሞ ለምን ይዞራል? እናቴን ጠየቅኳት፤ አለቀሰች። ጎረቤት ጠየቅኩ፤ «ወይኔ ገመቹ፣ ወርቅ ነበር!» ብሎ አለቀሰ። ስለ ቆሎ ጠይቄ ስለ ወርቅ መለሱልኝ። ቆሎውን መጣል አልቻልኩም፤ ለቅሜ የጃኬቱ ኪስ ውስጥ አስቀመጥኩት።

አንድ እሑድ እናቴ ከጸሎት ቤት ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አግኝቷት ኖሯል። ሌንሴ በሞዴል ፈተናው ባዶ ወረቀት መልሳለች አላት። የክልሉን ፈተና ካላለፈች ዘጠነኛ አትገባም። ይህን ሁሉም ያውቃል። ገመቹ ደግሞ ከዚህ ቤት አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲ እንዲገባለት ይፈልግ ነበር፤ እኔን ሞክሮ አይቷል፤ የቀረችው ሌንሴ ናት።

«ለምን ባዶ ወረቀት ሰጠሽ?» አልኳት።

«ባዶ አይደለም፤ ስሜን ጽፌያለሁ።»

«ዋናው ፈተና ላይስ?»

«ስሜን እጽፋለሁ።»

ድሮ ከክፍሉ ሁለተኛ ሦስተኛ የምትወጣ ልጅ ናት። እናቴ ለቅዳሜው የወላጆች ስብሰባ ጃኬቱን ከመስቀያው አውርዳ ሰጠችኝና «አንተ ነህ እንግዲህ» አለችኝ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አልነገረችኝም። እኔም ገብቶኝ አይደለም የሄድኩት።

ስብሰባው ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ነበር። ወላጆች ልጆቻቸው ዴስክ ላይ ተጣብበው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሷል። የኋለኛው መስኮት መስተዋት የለውም፤ ልጆች ተንጠላጥለው ያዩናል። እኔ ከለቅሶው ወዲህ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አገራችንን የሚያውቅ ያውቃል። ለቅሶ ያልደረሰ ሁሉ ያኔ ነው የሚደርሰው።

ገና ከበሩ «ዋቀዮ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» ማለት ተጀመረ፤ እግዚአብሔር ያጽናህ ማለት ነው። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይነሳል። የሚያለቅሱ ሴቶች ነበሩ። ጃኬቱን አይተው የባሰባቸውም ነበሩ። ዳይሬክተሩ ጠመኔውን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ «አጀንዳችን...» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ አዴ ጫልቱ የሚባሉ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ ሴት «ዳይሬክተር! ልጁ ሐዘን ላይ ነው!» ብለው አስቀመጡት። በኋላ ሳስበው፣ አጀንዳውን ያየሁት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ መምጣቱን ሰማሁ እንጂ አላገኘሁትም።

በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ተናገረ። በአካባቢው ካሉት ትምህርት ቤቶች በሞዴል ፈተና የመጨረሻ ወጥተናል። ለምን? ወላጅ መምህራንን ከሰሰ። መምህራን የገበያ ቀንን ከሰሱ። አንዱ ሞባይልን ከሰሰ፤ እየከሰሰ እያለ የራሱ ሞባይል ጮኸ።

ኦቦ ዳባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኦቦ ዳባ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ሳይናገሩ ያለቀ ነገር ያለቀ አይባልም።

«የገመቹ ቤት ሰው ይናገር» አሉ። «ገመቹ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የሚናገረው።»

ይህን ሲሉ ከኋላ በኩል አንድ ሰው ጋቢውን አፉ ላይ ጎተተ። አዴ ጫልቱም ቶሎ ጣሪያውን አዩ። አየኋቸው! የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ግን ልቅሶ እንዲያ ትከሻን አያስነሣም።

ተነሣሁ። ለመናገር የተነሣሁ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሲያየኝ እግሬ ራሱ ቆመ። ልጠይቅ የፈለግኩት ስለ ሌንሴ ብቻ ነው። አንደበቴ ደግሞ ሰው ፊት እንደ አህያ ነው፤ ሲጎትቱት ይቆማል።

«እኔ... ማለት... ፈተናውን... እኛ እኮ... አይተነው አናውቅም... ብናየው...»

ተቀመጥኩ።

«ሰማችሁ?» አሉ ኦቦ ዳባ። «ፈተናውን ሳናየው ነው ልጆቻችንን የምንወቅሰው አለ። ልክ ነው። እንየው! እኛው ተቀምጠን እንፈተነው!»

እኔ ይህን አላልኩም። ግን «አላልኩም» ለማለት እንደገና መነሣት ነበረብኝ።

«እኛ? ሒሳብ?» አለ አንዱ።

«ሐዘንተኛ ያለውን ማን ይሽራል?» አሉ አዴ ጫልቱ ቅር እያላቸው። «ምን ይደረግ። እንፈተናለን እንጂ።»

በጭብጨባ ጸደቀ። እዚህ ላይ ወዳጆቼ አንድ ምክር ልስጣችሁ፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሐሳብ አያቅርብ። ተቃዋሚ የሌለው ሐሳብ ፍሬን እንደሌለው አይሱዙ ነው፤ የጎጆን ቁልቁለት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በዚያ ሳምንት የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ ሲያገኘኝ በአንድ ዓይኑ ያዝንልኛል፣ በሌላው ይረግመኛል። እኔ ግን አጋጣሚውን ተጠቀምኩበት። «ገመቹ ስብሰባ ላይ ምን ይል ነበር?» እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። አንዱ «ወርቅ ነበር» አለኝ። ሌላው «አስተዋይ ነበር» አለኝና ፊቱን አዞረ። የሟች ነገር እንዲህ ነው። ቤታችን በወርቅ ተሞላ፤ ወንድሜ ግን ውስጡ የለም። እኔ የማውቀው ገመቹ ካልሲው የሚሸት፣ ዳማ ሲጫወት የሚያጭበረብር ሰው ነበር። እሱን የት ወሰዱት?

ቅዳሜ ደረሰ። የሒሳብ መምህርቷ ቲቸር ሀዊ ልጆቹ የወሰዱትን ያንኑ ሞዴል ፈተና አደለችን። ወጣት ናት፤ የፈተናውን ሕግ የነገረችን ወለሉን እያየች ነው። እውነቷን ነው፤ ኦቦ ዳባን «አይኮርጁ» ማለት ቀላል አይደለም። ልጆቹ መስኮቱ ላይ እንደ ወፍ ሰፍረዋል። ሌንሴም አለች፤ ፊቷ ድንጋይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ኤክስን ፈልጉ ይላል።

«እሷ ደግሞ የት ሄደች?» አሉ አዴ ጫልቱ። «ልጆቻችን ዓመቱን ሙሉ የሚደክሙት እሷን ፍለጋ ነው?»

«ዝም ብለን እንሥራ» አለች ቲቸር ሀዊ በልመና።

ቀጥሎ ያለው ይህ ነበር፦ አራት ሰዎች አንድ ማሳ በስድስት ቀን ቆፍረው ከጨረሱ፣ ስምንት ሰዎች በስንት ቀን ይጨርሳሉ? ኦቦ ዳባ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ደቦ ነው ወይስ በቀን ሥራ?»

«አልተገለጸም፣ ኦቦ።»

«እንግዲያ እንዴት ይመለሳል? ደቦ ከሆነ ስምንት ሰው ይበልጥ ይቆያል። ወሬው አለ። ጠላው አለ። ደግሞ ከስምንቱ አንዱ የጫልቱ ባል ከሆነ ዘጠኝ ቀን በይ።»

«የእኔ ባል ምን አደረገ?» አዴ ጫልቱ ከዴስኩ ለመነሣት ታገሉ፤ ዴስኩ ግን አለቀቃቸውም።

«ዐምና እኔ ማሳ ላይ ምን አደረገ? ዶማውን ተደግፎ ስለ ወገቡ አወራ!»

«ወገቡን ስለሚያመው ነዋ! ያንተ ማሳ ደግሞ ማሳ ነው? ድንጋይ ነው! ቲቸር፣ ማሳው ድንጋይ ይኑረው አይኑረው ጻፊልን!»

ቲቸር ሀዊ ልታለቅስ ደረሰች። እኔ በዚህ መሐል አንገቴን ደፍቼ እሠራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ምን ይሆናል ብዬ ነው የገባሁት። ግን ያ ሒሳብ ከእኔ ጋር ከተለያየ ቆይቷል፤ ሰላምታም አልሰጠኝም። አንዱን ጥያቄ ሠርቼ መልሱ ከምርጫዎቹ ውስጥ ጠፋ። እንደገና ሠራሁት፤ ሌላ መልስ መጣ፤ እሱም የለም። ሦስተኛ ጊዜ ስሠራው የመጀመሪያው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ሁሉ «ሐ» አከበብኩ። «ሐ» ታማኝ ፊደል ትመስለኝ ነበር።

ቲቸር ሀዊ አርማ ስትጨርስ ዳይሬክተሩ ውጤቱን ይዞ ወጣ። ለትምህርት እንዲሆን ብሎ የወላጆቹን ከልጆቹ ጋር ቀላቅሎ ደረጃ አውጥቷል። ይህን ሐሳብ ማን እንደሰጠው አላውቅም፤ ሐዘንተኛ መሆን አለበት። ከታች ጀመረ።

«የመጨረሻ...» ብሎ ቆመ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። «የመጨረሻ፣ ሌንሴ።»

መስኮቱ ላይ ልጆቹ ሁሉ ወደ ሌንሴ ዞሩ።

«ከመጨረሻ ሁለተኛ... የ... የሌንሴ ወላጅ።»

ቤቱ በድን ሆነ። አስቡት፤ ሰባ ጉልበት ዴስክ ሥር ተቆልፏል። ሐዘንተኛ ፊት አይሳቅም። ኦቦ ዳባ ምርኩዛቸውን ጨምድደው መሬት መሬት ያያሉ። አዴ ጫልቱ የነጠላቸውን ጫፍ ነከሱ። አንዲት ሴት ልታለቅስ ስትዘጋጅ አየሁ። ሊያለቅሱልኝ ነው! በሒሳብ!

አንደበቴ ያን ጊዜ ብቻ ሳይጎትቱት ሄደ።

«እንግዲህ» አልኩ፣ «ከቤታችን አንደኛ ወጣሁ ማለት ነው።»

ከዚያ ከመስኮቱ በኩል አንድ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ሳል ይመስል ነበር። ሌንሴ ናት። ዓይኗን ጨፍና፣ የመስኮቱን ብረት ይዛ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቃለች። ከገመቹ ወዲህ ጥርሷን አላየሁም ነበር። እሷ ስትስቅ ቤቱ ፈቃድ አገኘ፤ ግድብ የፈረሰ ነው የመሰለው። አዴ ጫልቱ ዴስክ ይደበድባሉ። ዳይሬክተሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔም ሳቅኩ። ሳቁ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን በጃኬቱ እጅጌ ጠረግኩት።

«ገመቹን! ቁርጥ ገመቹን!» አሉ ኦቦ ዳባ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ስማ ልጄ፣ ወንድምህ እዚህ ምን ይል እንደነበር አይደል ስትጠይቅ የከረምከው?»

«ኦቦ ዳባ! ተው! ሐዘንተኛ ፊት!» አሉ አዴ ጫልቱ።

«ይስማ! ወንድሙ ነው! ልጄ፣ ገመቹ ይተኛ ነበር። ሌሊቱን ድንች ሲጭን አድሮ እዚያ ኋላ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና ያንኮራፋል። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ደንገጥ ብሎ ይነሣና ‹እኔ በኦቦ ዳባ ሐሳብ እስማማለሁ› ይላል። ሁልጊዜ! አንድ ቀን እኔ ጉንፋን ይዞኝ አልመጣሁም። እሱ ተነሥቶ ‹በኦቦ ዳባ ሐሳብ እስማማለሁ!› ሰው ፈራ። ዳባ ምን ብለው ይሆን ተባለ። ኮሚቴ ተመርጦ አልጋዬ ድረስ መጣ፣ ሐሳቤን ሊጠይቅ! እኔ ትኩሳት ላይ ነኝ፤ ‹አጥር ይታጠር› አልኳቸው። ይኸው አጥሩ!»

በመስኮቱ አየሁት። ደህና አጥር ነው። ወንድሜ በእንቅልፉ ያጠረው።

ወርቁ ተነሥቶ ሄደ፤ ገመቹ መጣ። ያ በስልክ ሲስቅ የነበረው። ምን እንደተባለ በእርግጥም አያውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ከሌንሴ ጋር ጎን ለጎን ነው የሄድነው። ጭቃው ጫማችንን ይይዛል።

«ግን ደንገጥ ብሎ የሚነሣው ማን ቀስቅሶት ነው?» አልኳት።

እጇን ኪሷ ከተተችና የገብስ ቆሎ አወጣች። አንዷን ፍሬ በአውራ ጣቷ አስፈንጥራ ጆሮዬን መታችኝ።

«ከመስኮቱ ማጅራቱን ነበር የማልመው» አለች። «ብዙ ጊዜ ኮፍያው ውስጥ ይገባብኝ ነበር።»

ቆምኩ። ጭቃው ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ።

«ለምንድን ነው ባዶ ወረቀት የሰጠሽው?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ውጤት ሲነበብ ያለፈው ከወላጁ ጋር ወደ ፊት ይጠራል» አለች። «እኔ ስጠራ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ‹ገመቹ ይህን ሳያይ› ይላሉ። ገበያ ስሄድ ያለቅሱብኛል፤ ውኃ ስቀዳ ያለቅሱብኛል። ብወድቅ ግን ማንም አይጠራኝም።»

«እንዳያለቅሱ አደርጋለሁ» አልኳት።

«እንዴት?»

«አላውቅም። የእኔን ሒሳብ አይተሽዋል።»

አሰበች። «አንተ ብቻ ና» አለች። «ና፣ ግን አትናገር።»

ሌንሴ የክልሉን ፈተና ተፈተነች። ስሟንም ጽፋለች፤ ሌላም ሌላም።

ውጤት የተነበበው ክረምት ከገባ በኋላ ነው። እንዳያለቅሱ ምን እንደማደርግ ስብሰባው እስኪደርስ አሰብኩ፤ አልመጣልኝም። በዋዜማው ደግሞ አይሱዙው ጭቃ ያዘውና ድንቹን አውርደን እንደገና ስንጭን አደርን። ከዚያው በቀጥታ መጥቼ ኋላ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ዳይሬክተሩ ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ ከመጨረሻ ሁለተኛ መውጣቱን ሲያበስር፣ ሕዝቡም ሲያጨበጭብ ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን በሰው ወሬ ነው የማውቀው።

ያለፉት ስም ተጠራ አሉ። የሌንሴ ስም ሲደርስ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነጠላ ወደ ዓይን ተነሣ አሉ። አዴ ጫልቱ «ወይኔ ገመ...» ማለት ጀምረው ነበር አሉ። ዳይሬክተሩ «የሌንሴ ወላጅ!» ብሎ ሲጠራ መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። የለም። ከኋላ በኩል የሚሰማው ማንኮራፋት ብቻ ነው።

ያኔ አንዲት ፍሬ ማጅራቴ ላይ ጠብ አለችብኝ። ብድግ አልኩ። የት እንዳለሁ አላውቅም፤ ሰው ሁሉ ያየኛል።

«እኔ» አልኩ፣ «በኦቦ ዳባ ሐሳብ እስማማለሁ።»

«እኔ ዛሬ አፌን አልከፈትኩም!» ብለው ጮኹ ኦቦ ዳባ።

ነጠላው ዓይን ጋ ሳይደርስ አፍ ጋ ቀረ። እኔና ሌንሴ ወደ ፊት የሄድነው በሳቅ መሐል ነው፤ እሷ ከበሩ በኩል ዞራ እየሮጠች፣ እኔ ግማሹ እንቅልፌ ላይ ሆኜ። አንድም ሰው አላለቀሰም። ማለት፣ ያለቀሰም ካለ በሳቅ ነው፤ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ማታ ቤት ገብቼ ጃኬቱን ሳወልቅ ኮፍያውን አራገፍኩት። አንድ ፍሬ ወደቀች። ከኪሴ የድሮዎቹን አውጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኳቸው፤ አይለያዩም። የድሮዎቹን መልሼ ኪሴ ከተትኳቸው። አዲሷን ግን፣ የእኔ መንጋጋ ደህና ስለሆነ፣ በላኋት።